ኮዱ የሚገዛውን ዕቃ አይነግርም

ቢጫዋ የሞተር መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ስትበራ የሚከተለው ነገር የታወቀ ነው። ባለሙያው የምርመራ መሣሪያውን ከመሪው ሥር ይሰካል፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ቁጥር፣ ማለትም ኮዱን ያነባል፣ «የኦክስጅን ሴንሰር ነው» ይላል፣ ባለመኪናው ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ያቀናል። ዕቃው ይገጠማል፣ ኮዱ ይጠፋል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ መብራቷ ተመልሳ ከች ትላለች። ያኔ «ዕቃው ኮፒ ነው» ተብሎ ሌላ ይገዛል። የዚህ ሁሉ ወጪ መነሻ ስለ ኮድና ስለ መኪና ኤሌክትሪክ የያዝናቸው ጥቂት የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው።

«ኮዱ የጠራው ሴንሰር ተበላሽቷል ማለት ነው»

ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው። ኮድ አቤቱታ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ካልጠበቀው ንባብ ጋር መገናኘቱን ብቻ ያሳውቃል። ፒ0171ን እንውሰድ። የሞተሩ ድብልቅ ሳስቷል፣ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ይህን የተናገረው ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ እውነቱን በመናገሩም ተነቅሎ ይጣላል። አየር የሚያሾልከው የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ አቧራ የለበሰው የአየር መጠን ሴንሰር ወይም የደከመው የቤንዚን ፓምፕ ግን እዚያው ይቀራል።

ጥፋተኛውን ለመለየት ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ የሚያሳየውን ንባብ መመልከት ይበቃል፤ አብዛኛው የምርመራ መሣሪያ ያሳየዋል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ቁጥሩ 20 በመቶ ደርሶ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ከአየር መጠን ሴንሰሩ በኋላ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጭነት ሲበዛ ቁጥሩ የሚያድግ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ፣ ወደ ቤንዚን ማጣሪያው ወይም ወደ ቆሸሸው የአየር መጠን ሴንሰር ይዞራል። ይህን ሳያይ ዕቃ የሚያዝዝ ባለሙያ በሰው ገንዘብ እየገመተ ነው።

ሌላው ምሳሌ ፒ0118 ነው፤ ከራዲያተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር የሚመጣው ቮልቴጅ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል ይላል። ይህ ሴንሰር ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ በሶኬቱ ላይ ያሉትን ሁለቱን ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኙና መሣሪያው ላይ ያለውን ሙቀት ተመልከቱ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይል የነበረው ንባብ ከ120 በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኞች ናቸው፣ ሴንሰሩ ይቀየር። ካልተንቀሳቀሰ የተቆረጠ ሽቦ ፈልጉ፤ አዲስ ሴንሰር ምንም አይፈይድም። ባለሦስት ሽቦ ሴንሰር ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ 5 ቮልት የሚያመጣውን መስመር ከማሳ (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ከሚመለሰው መስመር) ጋር ልታጋጩት ትችላላችሁ።

«ስድስት ኮድ ከወጣ ስድስት ዕቃ ተበላሽቷል»

እንዲያውም ብዙ ኮድ በአንድ ጊዜ መውጣቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ብልሽት ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ለበርካታ ሴንሰሮች የሚያከፋፍለው 5 ቮልት አለ፤ አንዱ ሴንሰር ውስጡ ከተጋጨ የሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ቮልት የሚለካውን ቴስተር መስመሩ ላይ አድርጎ ሴንሰሮቹን ተራ በተራ መንቀል ነው፤ ቮልቴጁ ወደ 5 የተመለሰበት ጊዜ የተነቀለው እሱ ነው ጥፋተኛው። የደከመ ባትሪም እንዲሁ ያምሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ዲናሞው ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ ኮዱን ተውትና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

«ቴስተሩ ጮኋል፣ ማሳው ደህና ነው»

ቴስተር ሽቦ አለመቆረጡን በጩኸት የሚያሳውቀው እጅግ ትንሽ ጅረት አሳልፎ ነው፤ ከሽቦው ክሮች አንዲቱ ብቻ ብትቀርም ይጮኻል። ማሳ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ነጌቲቭ ላይ ያዙና ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ያሽከርክር። ግማሽ ቮልት ካሳየ ማሳው ታሟል። ሞተር ወርዶ ከተሠራ ወይም ቦዲ ከተቀባ በኋላ ሳይመለስ የቀረ የማሳ ሽቦ በየጊዜው ይገጥማል፤ ቀለም ላይ የታሰረም አለ።

«ንባቡ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ካልገጠመ ሴንሰሩ ወድቋል»

ይህኛው በደጋ ከተሞች ብዙ ጤነኛ ዕቃ ያስጥላል። የአየር ግፊት ሴንሰር ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የውጭውን አየር ግፊት ያነባል። መጽሐፉ የሚጠቅሰው ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠለል ላይ ያለውን 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ስለተቀመጠች ትክክለኛው ንባብ 76 አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ላይ 88 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ በማየት «ሞቷል» የተባለው ሴንሰር ያነበበው የከተማውን አየር ነው።

«ባትሪ ነቅሎ መመለስ ይፈውሳል»

አይፈውስም፤ ማስረጃ ያጠፋል። በብዙ መኪኖች ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበሩት ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት አብረው ይጠፋሉ። መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ደግሞ በነዱ ቁጥር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው እየሄደ ያቃጥለዋል፤ ቀስ ብሎ ዳር መያዝ ነው። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠልም መፍትሔው የሲጋራ ወረቀት ወይም ባለ 30 አምፒር ፊውዝ አይደለም፤ ያኔ በፊውዙ ፈንታ የሚነደው ሽቦው ነው።

«የድሮ መኪና ኮድ የለውም»

የምርመራ መሣሪያው የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ፣ ብዙዎች ከዚያ በፊት ያሉት ኮምፒውተራቸው ዝም ያለ ይመስላቸዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ባለ ኢንጀክሽን ኮሮላ ከኮፋኖው ሥር ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን አለው፤ ክዳኑ ላይ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ሲከፈት መብራቷ ትቆጥራለች። ሁለት ብልጭታ፣ ፋታ፣ ሁለት ብልጭታ ማለት 22፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ነው። ሳታቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ካለች የተመዘገበ ኮድ የለም። ይህም ቢሆን መኪናው ጤነኛ ነው አያሰኝም፤ የቤንዚን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ስለሌለው ፓምፑ ደክሞ አቀበት ላይ እየተንገላታ አንድም ኮድ ላይመዘግብ ይችላል።