ደካሴጊ ምንድን ነው?

ደካሴጊ ጃፓኖች ከቤት ርቆ እንጀራ ፍለጋ መሄድን የሚጠሩበት ቃል ነው። ቀድሞ በረዶ እርሻቸውን ሲሸፍነው ከተማ ሠርተው ለሚመለሱ ገበሬዎች ይነገር ነበር። ዛሬ በብራዚል፣ ጃፓን ሄደው በፋብሪካ የሚሠሩ የጃፓን ተወላጅ ብራዚላውያን መጠሪያ ሆኗል።

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ መነሻው ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 የኮንትራት ሠራተኞችን ከጃፓኗ ኮቤ ወስዳ ብራዚል፣ ሳንቶስ ወደብ አደረሰች። በቡና እርሻ ጉልበታቸውን አፍስሰው እዚያው ወለዱ፣ ከበዱ። በ1980ዎቹ ግን የብራዚል ኢኮኖሚ ሲናጋ የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ ሰው አጡ። በ1990 ሥራ ላይ የዋለው የኢሚግሬሽን ሕግ ማሻሻያም እስከ ሦስተኛው ትውልድ ላሉት ማንኛውንም ሥራ የሚያሠራ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኙበትን በር ከፈተ።

ስሌቱ ደማቸው አንድ ስለሆነ ከኅብረተሰቡ ጋር በቀላሉ ይዋሃዳሉ የሚል ነበር። የመጡት ግን አፋቸውን በፖርቱጋልኛ የፈቱ ሰዎች ናቸው። በጉንማ ግዛት ኦይዙሚ በምትባለው የፋብሪካ ከተማ የሚቃጠለው ቆሻሻ መቼ፣ ጠርሙሱ መቼ እንደሚወጣ የሚገልጸው ማስታወቂያ በፖርቱጋልኛም ይጻፋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የልጆቹ ጉዳይ ነው። በጃፓን የግዴታ ትምህርት የውጭ ዜጎችን ስለማይመለከት፣ ልጁ ከትምህርት ገበታ ቢቀር ወላጁን የሚያስገድድ ሕግ የለም። ትምህርት ቤት የገባውም ብዙ ጊዜ ከመምህሩ የተላከውን ደብዳቤ ለእናቱ የሚተረጉመው ራሱ ነው።

አብዛኞቹ ወላጆች የተቀጠሩት በደላላ ድርጅቶች በኩል ነበር። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ መጀመሪያ የተባረሩት እነርሱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሥራው ጋር የሚያድሩበትንም ቤት አጡ። መንግሥት በ2009 ወደ አገሩ ለሚመለስ ሥራ አጥ 300 ሺህ የን፣ ለእያንዳንዱ ጥገኛ ቤተሰብ 200 ሺህ የን ሰጠ። ገንዘቡን የተቀበለ ግን በዚያው የመኖሪያ ፈቃድ ተመልሶ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ2013 ነው። የወገን ልጅ ብሎ ጠርቶ ሲከፋ የጉዞ ገንዘብ አስይዞ መሸኘት፣ ለእኔ ግፍ ነው።

በ2018 ለአራተኛው ትውልድ የተፈቀደው ቪዛ ደግሞ የጃፓንኛ ችሎታንና የዕድሜ ገደብን ጠየቀ፤ ቤተሰብ ማምጣትንም ከለከለ። በዓመት 4 ሺህ ሰው ይመጣል ተብሎ ቢታሰብም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።