ከኬሞ በኋላ 38 ዲግሪ ትኩሳት ለምን ሌሊት ሆስፒታል ያስኬዳል?

ኬሞቴራፒ (ባጭሩ ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው «ነጭ የደም ሴልዎ ወርዷል» ሲባል ዋናው ጥያቄ ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት ስንት ቀረ የሚለው ነው። ባክቴሪያን ቀድሞ የሚገጥመው እሱ ነው። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ጠቅላላው ነጭ የደም ሴል በማይክሮሊትር ደም 2,000፣ የኒውትሮፊል ድርሻ 20 በመቶ ከሆነ፣ ያለው 400 ብቻ ነው። ከ500 በታች አደገኛ ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወርደው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ታማሚው «አሁንስ ተሻለኝ» በሚልበት ሰሞን።

ክፋቱ፣ ያኔ ኢንፌክሽን ምልክቱን ይደብቃል። መግል በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ስለሆነ ቁስሉ ላይመግል፣ የሳንባ ምች ያለበትም አክታ ላይኖረው ይችላል። አንዳንዴ የሚታየው ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ ለአንድ ሰዓት ከቆየ፣ ሳይነጋ መሄድ ነው። ብዙ ሐኪሞች 38ን ካዩ ሰዓቱንም አትጠብቁ ይላሉ። የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ካለ ያለ ትኩሳትም ያስኬዳል። በፊንጢጣ ግን አይለካ፤ ያቆስላል።

ትልቁ ስህተት ሐኪም ሳያዩ ፓራሲታሞል መዋጥ ነው፦ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ባክቴሪያው ግን መራባቱን አያቆምም። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃል «ኬሞ ላይ ነኝ፣ የመጨረሻው በዚህ ቀን ነበር» ይሁን። አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ተራ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለጊዜው ይቅሩ። ክትፎ ካማረ በደንብ ይብሰል፤ ለብለብ አይበቃም።