በትምህርት ቤት ኮምፒውተርና ኔትወርክ አጠቃቀም ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የትምህርት ቤት ኮምፒውተር እንደ ኪስ ስልክ የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም፤ ጠዋት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የተነሳበት ወንበር ላይ ከሰዓት በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይቀመጣል፣ ሁለቱም የሚከፍቱት ያንኑ ብራውዘር ነው። በአይሲቲ ላብ ውስጥ ስሠራ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ጥፋቶች በአብዛኛው ከክፋት የሚመነጩ አይደሉም፤ ተማሪዎች በግል ስልካቸው የለመዱትን ልማድ ለብዙ ሰው በተዘጋጀ ማሽን ላይ ስለሚደግሙት የሚፈጠሩ ናቸው።

«መስኮቱን ከዘጋሁት ከአካውንቴ ወጥቻለሁ»

ከሁሉም የበዛው ስህተት ይህ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ኤክስ ተጭኖ መነሳት ብራውዘሩን ይዘጋል እንጂ ከአካውንት አያስወጣም። ጂሜይልም ሆነ ቴሌግራም አንድ ጊዜ የይለፍ ቃል ወይም ኮድ ከተቀበሉ በኋላ ተጠቃሚውን የሚያውቁበትን መረጃ በብራውዘሩ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ተማሪ ያንኑ ገጽ ሲከፍት የቀደመውን ልጅ መልእክትና ፎቶ እንዳለ ያገኘዋል። አንዲት ተማሪ የቡድን ሥራ ለማውረድ ቴሌግራሟን በላቡ ኮምፒውተር ከፍታ ደወል ሲደወል ሳትወጣ ሄደች፤ በማግስቱ በእሷ ስም ወደ ክፍሉ ግሩፕ የተላከው ስድብ የእሷ አለመሆኑን ለማስረዳት ሳምንት ፈጅቶባታል።

ሳይወጣ የሄደ ተማሪ ወደ ላቡ መመለስ ሳያስፈልገው በስልኩ ላይ ጉዳዩን መፍታት ይችላል። በቴሌግራም «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለው አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች በሙሉ ይዘረዝራል፤ እዚያው ከስልኩ በቀር ሁሉንም የሚዘጋ ትእዛዝ አለ። ብራውዘሩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» ብሎ ሲጠይቅም በላብ ውስጥ መልሱ ምንጊዜም አይሆንም ነው።

«ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ ማንም አያየኝም»

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘሩ የግል መስኮት የሚያደርገው ሲዘጋ የተጎበኙትን ገጾች ዝርዝርና የመግቢያ መረጃውን ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ማጥፋት ብቻ ነው። ግንኙነቱ ግን እንደማንኛውም ጊዜ በትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ስለሚያልፍ የትኛው ድረ ገጽ እንደተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ሊታወቅ ይችላል። በሌላ በኩል «የምትጽፉትን ሁሉ እናነባለን» እያልን የምናስፈራራ መምህራንም እያጋነንን ነው፤ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ገጽ ይዘቱ የተመሰጠረ በመሆኑ፣ በማሽኑ ላይ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እስካልተጫነ ድረስ በኔትወርኩ ላይ የሚታየው የድረ ገጹ ስም እንጂ በውስጡ የተጻፈው አይደለም።

«ፍላሼ ንጹሕ ነው፤ ቫይረስ ያለበት የላቡ ኮምፒውተር ነው»

ላቡም ፍላሹም በየተራ ይበክላሉ፤ ፍላሽ በአንድ ቀን ከቤት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተሰራጨባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነበር፤ ፍላሹ እንደተሰካ ዊንዶውስ በራሱ የሚያስነሳውን አውቶራን ይጠቀም ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማሻሻያ ይህን ለፍላሽ ከዘጋ በኋላ ቫይረሶቹ የተጠቃሚውን እጅ መፈለግ ጀመሩ። በየላባችን የምናውቀው የሾርትካት ቫይረስ የዚህ ውጤት ነው፦ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትካት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ፣ ያስቀምጣል፤ ተማሪው ሲጫነው ቫይረሱም ይነሳል፣ ፎልደሩም ስለሚከፈትለት ምንም አይጠረጥርም።

ምልክቱ ግን በዓይን ይታያል። በፎልደሩ ሥዕል ግርጌ በስተግራ ትንሽ ጠማማ ቀስት ካለች፣ መጠኑም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ያ ፎልደር አይደለም። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ደንግጠው ፍላሹን ፎርማት ያደርጉና የወሩን ሥራ በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ፤ ፋይሉ ግን ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። በዊንዶውስ «ቪው» በሚለው ሥር «ሂድን አይተምስ» ሲመረጥ አንዳንድ ጊዜ የደበዘዘው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ሳይታይ ከቀረም የላቡ ቴክኒሺያን ሊያወጣው ስለሚችል ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

«የእኔ አንድ ቪዲዮ ምን ይጎዳል?»

ሒሳቡ ቀላል ነው። 40 ኮምፒውተር ያለው ላብ 20 ሜጋቢት በሰከንድ የሚያስተላልፍ መስመር ቢኖረው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ሜጋቢት ነው፤ አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ ደግሞ ብቻውን ወደ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል። አራት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ቪዲዮ ቢከፍቱ ቀሪዎቹ 36 ልጆች የሚጠብቁት ገጽ አይከፈትም ማለት ነው። ለትምህርት የሚያስፈልግ ቪዲዮ ከሆነ መምህሩ አንድ ጊዜ አውርዶ በላቡ ውስጣዊ ኔትወርክ ላይ ቢያስቀምጠው ሁሉም ኢንተርኔቱን ሳይነካ ሊያየው ይችላል።

«ቪፒኤን ይጠብቀኛል»

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች በአገራችን በተዘጉ ጊዜ ግንኙነትን አመስጥሮ በሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈውን ቪፒኤን መጫን ያልለመደ ወጣት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቪፒኤን ግን እምነትን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል እንጂ ራሱ ጠባቂ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ እንዳያየው የተፈለገው ግንኙነት ሙሉ በሙሉ በማናውቀው ኩባንያ እጅ ይገባል፣ በነጻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ወጪውን በምን እንደሚሸፍን መጠየቅ ተገቢ ነው። በጋራ ኮምፒውተር ላይ መጫኑ ከእኛ በኋላ ለሚቀመጡት ሁሉ የመወሰን ያህል ነው።

«ፓስወርዱን ካወቅኩት መግባት ጥፋት አይደለም»

መምህር ሲጽፍ አይቶ የይለፍ ቃሉን መያዝ በተማሪዎች ዘንድ እንደ ብልጠት ይቆጠራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን የሚጠይቀው በሩ ተሰብሮ እንደሆነ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ ሆን ብሎ መግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ሥርዓቱ ለአንድ ተቋም አገልግሎት ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል። ውጤት ለማየት ብቻ ገብቶ ምንም ሳይነካ የወጣ ተማሪም ገብቷል። «ልጅ ነኝ» የሚለው መከላከያም ሁልጊዜ አያድንም፤ በወንጀል ሕጋችን ዕድሜው ከ15 ዓመት ያለፈ ወጣት በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም።

«ስህተቴን ከተናገርኩ እቀጣለሁ»

እንግዳ ፋይል ከፍቶ ስክሪኑ ሲለዋወጥ ያየ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ወደ ሌላ ወንበር ይሄዳል። ዝምታው ግን አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የተነሳው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ማንም ምንም ሳይጫን በኔትወርክ በኩል ከማሽን ወደ ማሽን ይዘል ነበር፤ መከላከያው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት ተጎዱ። በየላባችን ያሉት ብዙዎቹ ማሽኖች ማሻሻያ በየጊዜው ስለማያገኙ ዛሬም ያው አደጋ አለባቸው። ስለዚህ ተማሪው ማድረግ ያለበት የኔትወርኩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነቅሎ ኃላፊውን መጥራት ነው፤ ይህንንም እንዲያደርግ መጥቶ የተናገረውን ልጅ በሰልፍ ፊት የሚያቆመው የላብ ደንብ መጀመሪያ መታረም ይኖርበታል።