ለጨቅላ ሕፃናት የሚነደፉ የመገንቢያ ብሎኮችና አሻንጉሊቶች

ከአንድ ዓመት ግድም ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ለሚደርሱ ሕፃናት የሚዘጋጁ የመገንቢያ ብሎኮችና ከብሎኮቹ ጋር የሚቀርቡ የሰውና የእንስሳት አሻንጉሊቶች በመጫወቻ ሥራ ውስጥ የራሳቸው መለኪያ ያላቸው ዘርፍ ናቸው። ለትልልቅ ልጆች የሚሠራ መገጣጠሚያ በክፍሎቹ ብዛትና በዝርዝሩ ሲመዘን፣ የጨቅላዎቹ ግን አስቀድሞ የሚመዘነው ጣቶቹ ገና ባልተፍታቱ እጅና ያገኘውን ሁሉ በሚቀምስ አፍ ነው። የብሎኩ ስፋት፣ የጠርዙ ልስላሴ፣ የመያያዣው ጥብቀት፣ የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ቅርጽ ሳይቀር የሚወሰነው በእነዚህ በሁለቱ ነው። መልክና ታሪክ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የሕፃኑ እጅ

ሕፃን በስድስት ወሩ አካባቢ ዕቃ የሚይዘው በመላ መዳፉ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥሮ ማንሳት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመያዝ ይልቅ የሚከብደው መልቀቅ ነው። አንድን ብሎክ በሌላው ላይ ለማስቀመጥ ሕፃኑ እጁን በፈለገው ቦታ ላይ አቁሞ፣ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ዘርግቶ፣ ያስቀመጠውን ሳያናጋ ክንዱን ወደ ራሱ መመለስ ይኖርበታል። ሁለት ብሎክ መደራረብ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በፊት እምብዛም የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። በሁለት ዓመት ገደማ ስድስት ያህል፣ በሦስት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ያህል ብሎኮችን መከመርና በሁለት ብሎኮች ላይ ሦስተኛውን አጋድሞ ድልድይ መሥራት የተለመደ ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ዕድገት ተመራማሪ አርኖልድ ጌዜል በዬል ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱት ሥራ ትንንሽ ቀይ ኪዩቦችን የመመርመሪያ መሣሪያ አድርገው ነበር፤ ሐኪሞችም ጎናቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ኪዩቦችን ለዕድገት ምርመራ እስከ ዛሬ ይጠቀማሉ።

ከመገንባት በፊት ግን ማፍረስ አለ። አዋቂው የከመረውን መትቶ መበተን፣ ብሎክ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር፣ ዕቃ መያዣ ውስጥ መጨመርና መልሶ መድፋት የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ናቸው። በኒውዮርክ የሕፃናት ትምህርት ቤት የመሩት ሃሪየት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት ጥናት የብሎክ ጨዋታ በቅደም ተከተል እንደሚያድግ አሳይተዋል፤ መጀመሪያ ይዞ መዞር፣ ቀጥሎ መደርደርና መከመር፣ ከዚያ ድልድይ፣ ከዚያ ዙሪያውን የታጠረ ቅጥር፣ ከዚያ ሁለት ወገኑ የተመሳሰለ ንድፍ፣ በመጨረሻም ስም ተሰጥቶት ታሪክ የሚነገርበት ሕንፃ ይመጣል። ለአንድ ዓመት ሕፃን ተብሎ የተሠራ ስብስብ ቤተ መንግሥት እንዲሠራበት ከታሰበ የተሳሳተው ነዳፊው ነው፤ ለዚያ ዕድሜ የሚበጀው ሲወድቅ የማይሰበር፣ ሲበተን የማያቆስል፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ብሎክ ነው።

ከእንጨት ኪዩብ ወደ መያያዣ ብሎክ

ብሎክን በትምህርታዊ ሐሳብ ላይ ቆመው በሥርዓት ከነደፉት ቀደምት ሰዎች መካከል በተለይ የሚጠቀሱት ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ማስተማሪያ ተቋም ከከፈቱ በኋላ «ስጦታዎች» ያሏቸውን ተከታታይ መጫወቻዎች አዘጋጁ። የመጀመሪያው ከሱፍ ክር የተሠሩ ኳሶች፣ ሁለተኛው የእንጨት ሉል፣ ሲሊንደርና ኪዩብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ስምንት ትንንሽ ኪዩቦች የሚከፈል አንድ ኪዩብ ነበር። በሦስተኛው ውስጥ ያለው ሐሳብ፣ ማለትም የተከፋፈለው ክፍል ተመልሶ ሙሉውን መስጠቱ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ብሎኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኒውዮርክ ያስተምሩ የነበሩት ካሮላይን ፕራት ይህንኑ ሐሳብ ወደ ወለል አወረዱት። የእሳቸው ብሎክ ውፍረቱ፣ ስፋቱና ርዝመቱ 1፣ 2፣ 4 በሆነ ምጥጥን የተሠራ ሲሆን፣ መሠረታዊው ብሎክ በግምት 3.5 በ7 በ14 ሴንቲ ሜትር ነው። ግማሹ፣ እጥፉና የእጥፉ እጥፍ ሁሉ እርስ በርስ ይተካካሉ። ቀለም አልተቀባም፤ መንገድም ግድግዳም መሆን ያለበት በልጁ ውሳኔ ነውና። በእኔ ግምት ይህ ሥራ ዘርፉ ካፈራቸው ንድፎች መካከል እስከ ዛሬ የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ ሆኖም በአንድ ሚሊ ሜትር የተዛነፈ ብሎክ አራት ሲደረደር ግድግዳውን ስለሚያጣምም፣ ቀላል የሚመስለው ይህ እንጨት ጠንቃቃ አናጢ ይፈልጋል።

እርስ በርስ የሚያያዝ የፕላስቲክ ብሎክ የመጣው ዘግይቶ ነው። በብሪታንያ ሂላሪ ፔጅ ኪዲክራፍት በተባለው ድርጅታቸው አማካይነት በ1940ዎቹ ላያቸው ጉብታ ያላቸው ብሎኮች አወጡ። በዴንማርክ ቢሉንድ በ1932 የተመሠረተው ሌጎም በ1949 ተመሳሳይ ብሎክ መሸጥ ጀመረ። እነዚህ ብሎኮች ውስጣቸው ባዶ በመሆኑ የላላ አያያዝ ነበራቸው፤ ችግሩ የተፈታው ሌጎ በ1958 በብሎኩ ሆድ ውስጥ ቱቦዎችን ጨምሮ የባለቤትነት መብት ባስመዘገበ ጊዜ ነው። የታችኛው ብሎክ ጉብታ በላይኛው ግድግዳና ቱቦ መካከል ተጣብቆ ስለሚቆም ሕንፃው ቢነሳም አይበተንም።

ለሕፃናት የተሠራው የሌጎ ብሎክ፣ ዱፕሎ፣ በ1969 ሲወጣ የተደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ ልኬቱ በሦስቱም አቅጣጫ በእጥፍ አደገ። በተለመደው ብሎክ ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለው ርቀት 8 ሚሊ ሜትር፣ የብሎኩ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን በዱፕሎ 16 እና 19.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ነው። እጥፍ መሆኑ በዘፈቀደ አይደለም። የዱፕሎ ጉብታ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ትንሹ ብሎክ በላዩ ይገጥማል፤ ስለዚህ ልጁ ሲያድግ የቀድሞው ብሎክ ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት ሆኖ ይቀጥላል።

በአያያዝ ጥብቀት ላይ ግን በእጥፍ ማሳደግ ብቻውን አይበቃም። ብሎኩ ከጉብታው ጋር ሲላላ ረጅም ግንብ ዘንበል ብሎ ይወድቃል፤ ሲጠብቅ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ መለያየት አቅቶት በጥርሱ ይሞክራል ወይም ወደ አዋቂ ይዞት ይሄዳል። ነዳፊው የሚፈልገው በመሃል ያለውን ነው፤ ግንቡ ከላይኛው ብሎክ ተይዞ ሲነሳ የሚያያዝ፣ በሁለት ትንንሽ እጆች ግን ተጣሞ የሚላቀቅ። ይህ የሚወሰነው በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚቆጠር ልዩነት ስለሆነ የቅርጽ ማውጫው ትክክለኛነትና የፕላስቲኩ ዓይነት ወሳኝ ናቸው። ሌጎ ከ1963 ጀምሮ የተጠቀመበት ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ የተመረጠው ሲቀዘቅዝ ልኬቱን ስለሚጠብቅ፣ ስለማይጣመምና ሲጫኑት መጠነኛ መተጣጠፍ ስላለው ነው። ዓመት ተኩል ላልሞላቸው ደግሞ ጭራሽ የማይጣበቁ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጦ ብቻ የሚቆም ሰፋፊ ብሎኮች ይሠራሉ።

አፍና መለኪያው

በአሜሪካ ከ1980 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ ያለው የትንንሽ ክፍሎች ደንብ ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የተሠራን መጫወቻ የሚፈትነው በአንድ ቀላል ዕቃ ነው፤ ዲያሜትሩ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ዘንበል ብሎ ጥልቀቱ በአንድ ወገን 25.4 በሌላው 57.1 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲሊንደር። ክፍሉ ሳይጨመቅ፣ በየትኛውም አቀማመጥ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ከገባ ለዚህ ዕድሜ አይሸጥም። በአውሮፓው ኢኤን 71 እና በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 8124 ደረጃዎችም ይኸው ሲሊንደር ይገኛል።

ሒሳቡን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ገጹ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ይገባል፤ ጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 35 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ይቀራል። ሁለት በአራት ጉብታ ያለው የተለመደው የሌጎ ብሎክ ርዝመቱ 32፣ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ቆሞ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። የዱፕሎው አቻ ግን በጠባቡ ጫፉ እንኳ 32 በ19 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በምንም አኳኋን አይገባም። ልኬትን በእጥፍ ማሳደግ ለእጅ ብቻ ሳይሆን ለጉሮሮም የተሠራ መፍትሔ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ፈተናው ግን በአዲስ ዕቃ ላይ ብቻ አይደረግም። መጫወቻው ይጣላል፣ ይጠመዘዛል፣ ይጎተታል፣ ይጨመቃል፤ ከዚያ በኋላ የተነቀለ ቁራጭ ካለ እሱም በሲሊንደሩ ይለካል። በአሜሪካ ዓመት ተኩልና ከዚያ በታች ለሆኑ የሚሠራ መጫወቻ ከ1.37 ሜትር ከፍታ አሥር ጊዜ፣ ከዚያ በላይ እስከ ሦስት ዓመት ለሆኑት ደግሞ ከ0.91 ሜትር አራት ጊዜ ይጣላል፤ በአውሮፓ 85 ሴንቲ ሜትር ከፍታና አምስት ውርወራ ነው። የተለጠፈ ዓይን፣ የተሰካ ጎማ፣ በሙጫ የተያዘ ኮፍያ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ማግኔት የገባበት ብሎክ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከተሰበረና ሁለት ማግኔቶች ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ ግራና ቀኝ ተሳስበው አንጀቱን ሊበሱ ይችላሉና።

አሻንጉሊቶቹ

አሻንጉሊት ሲጨመር የብሎክ ክምር ቤት ይሆናል። ድልድዩ ሥር የሚያልፍ፣ መኪናው ላይ የሚቀመጥ ሰው ሲኖር ልጁ ስለ ሕንፃው ማውራት ይጀምራል፤ ስለዚህ አሻንጉሊቱና ብሎኩ በአንድ ልክ መነደፍ አለባቸው። እግሩ ጉብታው ላይ መግጠም፣ ቁመቱ ከበሩ ሥር ማለፍ፣ ወገቡ በመኪናው ወንበር ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል። የተፈጥሮ ምጣኔ ግን ይጣሳል። ጭንቅላቱ ለሰውነቱ እጅግ ትልቅ ይሆናል፤ ላሟም አውቶቡሱን ልታክል ትችላለች፤ ሁለቱም በአንድ መዳፍ መያዝ አለባቸውና።

ከሁሉ የሚያስተምረው የአሜሪካው መጫወቻ ሠሪ ፊሸር ፕራይስ «ትንንሽ ሰዎች» ያላቸው አሻንጉሊቶች ታሪክ ነው። በ1960 አካባቢ ሲጀመሩ ክንድም እግርም የሌላቸው፣ ክብ ጭንቅላት ያረፈባቸው የእንጨት ሲሊንደሮች ነበሩ፤ በመኪናና በወንበር ቀዳዳ ውስጥ ልክ ስለሚገቡ ለሕፃን እጅ እጅግ የተመቹ ነበሩ። ይኸው ቅርጽ አደጋውም ነበር። ከጉሮሮ ጋር የሚገጥም ክብ ጫፍ የአየር ቧንቧን እንደ ክዳን ይደፍናል፤ አካሉ ደግሞ ረዘም ስለሚል ከመለኪያው ሲሊንደር ውጭ ቀርቶ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ከደረሱ የመታነቅ አደጋዎችና ከተነሣው ትችት በኋላ በ1991 በጣም የወፈረ አዲስ ቅርጽ ተሰጣቸው። የደኅንነት ደረጃዎችም ክብ ጫፍ፣ ቀጭን አንገትና ክንድ የሌለው ሲሊንደራዊ አካል ላላቸው፣ ቁመታቸው ከ64 ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ አሻንጉሊቶች ለብቻው የተዘጋጀ ፈተና ይዘዋል። ነዳፊዎች ክንዱን ወደ ጎን ማውጣት፣ ፀጉሩን ሰፊ ማድረግ፣ የቀሚሱን ግርጌ ማስፋት የጀመሩት ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ፊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ቤክ በ1974 ለገበያ የቀረቡትን ፕሌይሞቢል የተባሉ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ሲነድፉ የልጆችን ሥዕል ተከትለዋል፤ ትልቅ ጭንቅላት፣ ሁለት ዓይን፣ ፈገግታ፣ አፍንጫ የለም። ገና የተወለደ ሕፃን እንኳ ፊት ወደሚመስል ነገር አዘውትሮ ስለሚመለከት ዓይንና አፍ ብቻ ይበቁታል፤ ዝርዝር የበዛበት ፊት ግን አሻንጉሊቱን በአንድ ስሜትና በአንድ ታሪክ ያስረዋል። ለታናናሾቹ በ1990 የወጣው የፕሌይሞቢል ስብስብ አሻንጉሊቶቹን ክብ ክብ አድርጎ ሠራቸው። የዱፕሎ ሰዎችም ፀጉራቸውና ኮፍያቸው አይነቀልም፤ በ1978 ለትልልቅ ልጆች የወጣው የሌጎ ትንሽ ሰው ግን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ የሚበታተን ነው።

ቁሳቁስና ቀለም

ለእንጨት ብሎክ በብዛት የሚመረጡት ቢችና ሜፕል ናቸው፤ ጠንካሮች፣ ቃጫቸው ጥቅጥቅ ያለና በቀላሉ የማይሰነጠሩ ስለሆኑ ነው። እንጨት ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ያብጣል፤ ፕላስቲክ ይታጠባል። በሌላ በኩል እንጨት ክብደት ስላለው ያለ መያያዣ ይቆማል። ባዶ ሆድ ያላቸውና ቀዳዳ ያላቸው ለስላሳ አሻንጉሊቶች በውስጣቸው ውኃ ስለሚቀር ሻጋታ ያበቅላሉ። ቀለሙ ምራቅን መቋቋም አለበት፤ የጀርመኑ ዲአይኤን 53160 ፈተና የሚለካው ቀለሙ በምራቅና በላብ መልቀቅ አለመልቀቁን ነው። አሜሪካ በ2008 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ ፕላስቲክ ማለስለሻዎች ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ የወሰነች ሲሆን፣ በመጫወቻ ውስጥ የሚፈቀደውም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በደረጃ ወርዶ ከሚሊዮን 100 እጅ ላይ ቆሟል።

ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መብዛታቸው ከልጁ ይልቅ መደርደሪያ ፊት ለቆመው ገዢ የታሰበ ይመስላል፤ ቀለም የሌለው የፕራት ብሎክ ልጆችን አሰልችቶ አያውቅም። ሆኖም ተመሳሳይ ቅርጾችን በቀለም መለየት ገና መመደብ ለሚማር ልጅ ጥቅም አለው።

ያልተፈታው ችግር ያለው በቤት ውስጥ ነው። ትንሹና ትልቁ ብሎክ እንዲገጥሙ መደረጉ የታላቅየውን ስብስብ ከታናሽየው ጋር በአንድ ወለል ላይ ያገናኘዋል፤ በሳጥኑ ላይ የታተመው፣ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ እንደማይሆን የሚገልጸው ምልክትም ሳጥኑ ሲጣል አብሮ ይጠፋል። ነዳፊው ሊያደርግ የሚችለው የትልቁን ብሎክ ልክ መጠበቅ ነው፤ ትንንሾቹን ለይቶ ማስቀመጥ ለአሳዳጊው ይቀራል።