ከቀረጥ ነፃ መብት ምንድን ነው? ለስላቅ ጸሐፊዎችና ለሃያሲዎቻቸው

ስለ ጎጃም «ኢንቨስተር» የሚጻፉ የስላቅ ልብ ወለዶች በዝተዋል። ባለታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም አጠገብ ለዱቄት ፋብሪካ መሬት ይወስዳል፣ በቆርቆሮ ያጥራል፣ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ከዚያ «ከቀረጥ ነፃ ተሰጠው»፣ ማለትም ለፕሮጀክቱ ማሽንና መኪና የጉምሩክ ቀረጥ ሳይከፍል እንዲያስገባ ተፈቀደለት፣ ይባልና በአዲስ ፒክአፕ ባሕር ዳር ሲንሸራሸር ይታያል። ሳቁ አይከፋም፤ እኔም ስቄአለሁ። ያንገበገበኝ ከእነዚህ ታሪኮች በአንዱ ላይ ሂስ የጻፈው ሰው ነው። መንግሥት በሕግ የሰጠውን ንብረት ሸጦ ቢበላ ምኑ ሙስና ነው ይለናል። ወንድሜ፣ ማን ሰጠው?

ጎጃሜ የሚያውቀውን ልጥቀስ። በሬው የሞተበት ገበሬ ለእርሻ ከጎረቤቱ በሬ ይዋሳል። ምርቱ የአራሹ ነው፣ በሬው ግን የባለቤቱ ነው። አርዶ ሥጋውን ቢሸጥ ዋጋውን ይከፍላል እንጂ «ተሰጥቶኝ ነበር» ብሎ ሽማግሌ ፊት አይቆምም። እዚህ ላይ ምሳሌው ትንሽ ያነክሳል፤ ማሽኑን ባለሀብቱ በገንዘቡ ገዝቶታልና። ስለዚህ በሬው ማሽኑ ሳይሆን በማሽኑ ላይ ያልተከፈለው ቀረጥ ነው። ዕቃው ለተፈቀደለት ሥራ እስከዋለ ድረስ ያ ቀረጥ አይጠየቅም። ባለሀብቱ ተመሳሳይ መብት ላለው ሰው ቢያስተላልፈውም በሬው ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ ማሳ ሄደ ማለት ነው፤ አልታረደም። መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ግን ቀረጡ መከፈል አለበት። እንግዲህ ፒክአፑን መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ወንጀሉ ቀረጡን ሳይከፍሉ መሸጥ ነው። ሊብሬው በፕሮጀክቱ ስም እንዳለ መኪናው በውክልና ለሌላ ሰው ሲሠራ የምናየው ለዚህ ነው። (የተሽከርካሪ ነገር እንደ ሥራ መስኩ ይለያያል፤ ማን ፒክአፕ ይፈቀድለታል በሚለው ክርክር እኔን አታስገቡኝ።)

ሃያሲው ይህንን ከግብር እፎይታ ጋርም ያምታታዋል። እፎይታው የትርፍ ግብርን ይመለከታል። አጥርና ዘበኛ ብቻ ያለው ሰው ከየትኛው ትርፉ ላይ ነው እፎይ የሚለው?

ደራሲዎቹ ደግሞ ሌባውን የሚፈልጉት በተሳሳተ በር ነው። የጉምሩክ ሹም በጠረጴዛ ሥር ፖስታ ሲቀበል ይስሉልናል። ቀረጥ የሚከፍል አስመጪ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማሳየት ያምረዋል፤ የመርማሪውም ዓይን የለመደው ዝቅ ያለውን ዋጋ ማደን ነው። ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ግን ዋጋው ከፍ ቢል በቀረጥ በኩል የሚያጣው ነገር የለም። እንዲያውም ይጠቀማል። እውነተኛ ዋጋው 70 ሚሊዮን ብር የሆነ ማሽን በኢንቮይስ 100 ሚሊዮን ይባላል። ባንኩ 70 በመቶ ካበደረ የማሽኑ ሙሉ ዋጋ ከብድሩ ተሸፈነ። የባለሀብቱ 30 ሚሊዮን መዋጮም ተልኮ ውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ይቀመጥለታል። በዚህ ላይ ኋላ በሌላ ደንብ የተተካው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270/2005 ከካፒታል ዕቃው (ከማሽኑ) ጠቅላላ ዋጋ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ ይፈቅድ ነበር፤ ዋጋው ባበጠ ቁጥር ይህም አብሮ ያብጥ ነበር፣ ከ10.5 ሚሊዮን ወደ 15 ሚሊዮን። ፋብሪካው ሳይተከል ሰውየው አትርፏል፤ ለጉምሩክ ያቀረበው የዕቃ መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑም ንጹሕ ነው።

ለስላቅ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ሦስት «ተወዳዳሪ» አቅራቢዎች የላኩት ፕሮፎርማ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። ማኅተሙ ሦስት ዓይነት ነው፤ የማሽኑ ስም ግን በሦስቱም ላይ ያችው አንዲት ፊደል ጎድላዋለች። የባንኩ ዋጋ ገማች መነጽሩን ወልውሎ ያነባል፣ ሦስቱን ያወዳድራል፣ «አነስተኛው ተመርጧል» ብሎ ይፈርማል። ፖስታ ካስፈለገ የሚያስፈልገው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህን አንብባችሁ ደግሞ ከፍ ያለ ኢንቮይስ ያቀረበውን ሁሉ ሌባ እንዳትሉብኝ። ሁለት ማሽኖች በስም አንድ ሆነው በአቅም፣ በተሠሩበት ብረትና በዋስትና ዘመናቸው እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ተከላና ሥልጠና በዋጋው ውስጥ ተካትቶም ይሆናል። መታየት ያለበት ዝርዝር መግለጫው ነው። ማሽንና የግንባታ ዕቃ ከአገር ውስጥ አምራች የገዛ ባለሀብትም አለ፤ ያው ደንብ በጥሬ ዕቃው ላይ የተከፈለው ቀረጥ እንዲመለስለት ይል ነበር። ተመላሹን ለማግኘት ፋይሉን ታቅፎ ከቢሮ ቢሮ ስለሚዞረው ሰው እስካሁን አንድም ልብ ወለድ አላነበብሁም።