ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፦ ጭነቱና ልጓሙ

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣
ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ።»

ይህን ያልሰማ አበሻ አለ ብዬ አላምንም። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ስትደውል ትለዋለች። ዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊቱን የሚያነጋ የድሮ አስተማሪም ይለዋል። ብዙ ጊዜ መጨረስ እንኳ አያስፈልግም። «ያው ካገሩ የወጣ...» ተብሎ ይተዋል፤ ሰሚው በሆዱ ይጨርሰዋል።

የተለመደው ፍቺ አጭር ነው። ከአገሩ የራቀ ሰው ክብሩ አብሮት አይሻገርም። የታዘዘውን ይሠራል፣ የሰጡትን ይቀበላል፣ ቢከፋውም ዋጥ ያደርጋል። ልክ ነው። ግን ይህ ፍቺ አህያዋን ይዞ ፈረሱን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ለእኔ የአነጋገሩ ዋና ነገር ያለው ፈረሱ ላይ ነው። የገባኝም ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር ድሬዳዋና ሐረር የሄድን ጊዜ። እሱን በኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ስንኙን እንየው።

አህያ ስትባል ቶሎ የሚታየን ጭነት ነው። እህሉም እንጨቱም ውሃውም በእሷ ጀርባ ነው። ለፍታ ለፍታ ስሟ ስድብ ሆኖ ቀረ። ፈረስ ግን የጌታ ነው። ነገሥታቱ ራሳቸው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ፈረስ ግላስ ይለብሳል፣ ይሸለማል፣ ይፎከርበታል።

ገጣሚው እንግዲህ አንዱን እንስሳ ከታች፣ አንዱን ከላይ መርጧል። ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚሄዱት ሌላ ሰው ወደፈለገበት ነው። ስለዚህ አነጋገሩ «ከአገርህ ከወጣህ ትዋረዳለህ» ብሎ አያበቃም። ብትዋረድም ብትከበርም በሰው እጅ ነህ ይላል። መከበሩም ልጓም አለው።

ማን አለው? እንደ አብዛኛው ተረትና ምሳሌያችን ባለቤት የለውም። «እስኪመለስ» እና «ፈረስ» ቤት ስለሚመቱ በቃል ለመያዝ ይቀላል፤ ሳይበላሽ እኛ ዘንድ የደረሰውም ለዚህ ይመስለኛል። ከምን ዓይነት ኑሮ እንደወጣ ግን ከውስጡ ይነበባል። መንገድ በእግርና በከብት የሚኬድበት፣ መጫንና መለጎም የዕለት ሥራ የነበረበት ዘመን ነው። ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ጭኖ ወራት ይጓዛል። በየኬላው ይቀረጣል። ሹሙ «እለፍ» ካላለው እዚያው ነው። ከሐረር ተነስቶ አንኮበር ሥር ወዳለችው አልዩ አምባ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ፣ የአዋሽን ቆላ የሚያቋርጠው የቆላው ባለቤቶች ሲፈቅዱለት ነበር። አገር ማለትም ያኔ ፓስፖርት የሚጠየቅበት ድንበር አይደለም። ወንዙን ከተሻገርክ ወጥተሃል። የጎጃም ሰው ዓባይን ሲያልፍ ካገሩ የወጣ ነው።

ፈረሱም ከዚያው መንገድ ነው የመጣው። ሲመሽ መንገደኛው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ይላል። «ቤት ለእንግዳ!» ተብሎ ይገባል። ውሃ ይሞቅለታል፤ የቤቱ ልጅ ወይም እመቤቲቱ ጎንበስ ብላ እግሩን ታጥበዋለች። የቤቱ ደህና ቁርበት ይነጠፍለታል። «ግድ የለም፣ ራሴ እታጠባለሁ» ቢል ቤቱን ማዋረድ ነው። «ጠግቤያለሁ» ቢልም የሚሰማው የለም።

ከታሪክ የሚጥመኝን ምሳሌ ልንገራችሁ። ፔሮ ዳ ኮቪልሃ የሚባል ፖርቱጋላዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1487 ንጉሡ ልኮት ከአገሩ ወጣ፤ በ1490ዎቹ አፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። በክብር ተቀበሉት። ብዙም ሳይቆይ ግን እስክንድር ሞቱ፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት አላሰናበቱትም። መሬት ተሰጠው። ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ቤተ መንግሥት የሚደመጥ ሰው ሆነ። የተከለከለው መሄድ ብቻ ነው። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ እዚሁ አገኙት፤ አስተርጓሚ ሆናቸው። እነሱ ኋላ ተመለሱ፣ እሱ ቀረ። ሰውዬውን ማንም አልጫነውም። ግላሱም ልጓሙም ግን ሙሉ ነበር።

አሁን ወደ ጉዟችን።

ግቢ ውስጥ «ድሬ» የምንለው ጓደኛ ነበረን። ስሙን የሚያውቀው ሬጅስትራር ብቻ ነው። ድሬ አዲስ አበባ ሲመጣ ሁሉንም ሰው «አንተ» ይል ነበር። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ ልጅ አባቱን፣ ደንበኛ ሽማግሌውን ባለሱቅ «አንተ» ቢል ማንም አይቀየመውም። በመጀመሪያው ሳምንት የግቢውን ዘበኛ «አቦ አንተ፣ በሩን ክፈትልኝ» አላቸው። ሽበታም ሰው ናቸው። «ማንን ነው አንተ የምትለው!» ብለው ዱላቸውን አነሱ። ድሬ የምር ግራ ገባው። ከዚያ በኋላ ፈርቶ እኩዮቹን ሳይቀር «እርስዎ» ማለት ጀመረ። እኛ በሳቅ ሞትን። ጭነት ይሉሃል ይኼ ነው፤ በየቀኑ ምላስህ ላይ ተሸክመኸው የምትወጣ።

በሴሚስተር እረፍት ወደሱ አገር ስንሄድ አዋጥተን፣ በወረቀት ላይ ፕሮግራም አውጥተን ነበር። የመጀመሪያው ቀን የድሬዳዋ ሰፈሮች ከዚራና መጋላ፣ የምሳ ሰዓት ቀፊራ ገበያ፣ በማግስቱ ሐረር፣ ማታ እዚያው ጅብ ሲመገብ ማየት። ሆቴልም ይዘን ነበር። እኛ የምንጠብቀው ራሳችንን ጋላቢ አድርገን ነው። ገንዘቡ የእኛ፣ ጊዜው የእኛ፣ አስጎብኚው ጓደኛችን።

ሆቴሉ ገና መናኸሪያ ላይ ተሰረዘ። የድሬ እናት «ሆቴል? እኔ ሞቼ ነው?» አሉ። (እዚያ ብሆን «አለች» እል ነበር።) ቀጥሎ ፕሮግራሙ ተሰረዘ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት ቆላው ላይ ሲቆም የተቆረቆረች ናት፤ ቀትር ላይ ሙቀቷ ቀልድ አያውቅም። ከምሳ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ የቀረው ሰው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። ወረቀታችንን ይዘን ልንወጣ ስንል አባትየው «ከማን ጋር ልትጫወቱ ነው? ከፀሐይ ጋር?» አለን።

«አለን» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። እንደገባን ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ አባባ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?» ብዬው ነበር። ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ። «ሌላ ሰው አለ እንዴ? አቦ አንተ በለኝ፣ አታስረጀኝ!» ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ድሬ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ የዘበኛውን ዱላ እያስታወሰ። እሺ አልኩ። ምላሴ ግን እምቢ አለ። የአባቴን ታላቅ የሚሆን ሰው «አንተ» ልለው ስል ይተናነቀኛል። መጨረሻ ላይ ዘዴ አገኘሁ፦ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር። «ሻይ ይፈለጋል?» «ውሃ ይምጣ?» «ወደ ገበያ ይኬዳል?» እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ እያወራሁ ሰነበትኩ።

ማታ ለወንዶቹ ሽርጥ ታደለን። ሱሪ ለብሶ በዚያ ሙቀት መተኛት እብደት ነው፤ አልጋዎቹም ወጥተው ግቢው ውስጥ ተዘርግተዋል። ችግሩ አስተሳሰሩ ነው። ሽርጥ ቀበቶ የለውም። ወገብ ላይ ጠበቅ አድርገህ ትጠቀልለውና ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈህ ታንከባልለዋለህ። የጎንደሩ ጓደኛችን በአንድ እጁ ይዞት ነው ያመሸው። ሲጎርስ እንኳ አይለቀውም። ጎንደሬው እንግዳ መቀበል እንጂ እንግዳ መሆን የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ቤት ሄደን ሲያጎርሰን ትንፋሽ አይሰጠንም ነበር፤ እዚህ ሲያጎርሱት «ኧረ በቃኝ!» እያለ ይሸሻል። ሰው ራሱ የሚለጉመውን ያህል መለጎም አይችልም ማለት ነው።

ሐረር በደንገጎ ዳገት ዞሮ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ በአንዴ ይቀዘቅዛል፤ ከተማው ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለ ጅቡ ሁሉም ስለጻፈው እዘለዋለሁ። የከተማውን ግንብ ጀጎልን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳጠሩት፣ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደመዘገበውም ታውቃላችሁ። እኛን ያስደነቀን የድሬ አክስት ቤት ነው።

የሐረሪ ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። መደቦቹን ነደባ ይሏቸዋል፤ አምስት ናቸው፣ ከፍታቸው ይለያያል፣ ቀይ ተቀብተዋል። ቀለሙ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረሮች ከምኒልክ ጦር ጋር ጨለንቆ ላይ ሲዋጉ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ጫማ አውልቀን እንደገባን እያንዳንዳችን በየፊናችን ልንቀመጥ ስንል ተያዝን። የቤቱ አባወራ አሚር ነደባ የሚባል የራሱ መደብ አለው፤ እንግዳ በብዛት የሚቀመጥበት ደግሞ ጊዲር ነደባ ነው። ዕድሜም፣ ዝምድናም፣ ማዕረግም እዚያ ቤት ውስጥ ቦታ አላቸው። አንዷ ጓደኛችን ፎቶ ልታነሳ ስታስብ አሚር ነደባው ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ አክስትየው እየሳቁ እጇን ይዘው አወረዷት።

ቀጥሎ ቡና ይመጣል ብለን ጠበቅን። የሐረር ቡና ነዋ! የመጣው ቁጢ ነው። የቡና ቅጠል ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ወተትና ጨው ገብቶበት። ፍሬውን ለዓለም ልከው ቅጠሉን ለራሳቸው አስቀርተዋል ብለን ቀለድን።

ከሁሉ የከበደኝ ምሳው ነው። ቤቱ የሙስሊም ነው፤ ከእኛ መካከል ክርስቲያኖች ነበርን። ሥጋው የማይነካካ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ሽሮ ይበቃናል ብለን ተማክረን ነበር። አክስት ግን ከእኛ ቀድመዋል። ዶሮውን ራሳቸው ገዝተው ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተዋል። የጎረቤታቸው ባል ባርኮ አርዶታል፣ በጎረቤታቸው ድስት ተሠርቷል፣ በጎረቤታቸው ሳህን ተከድኖ መጥቷል። አክስት ክዳኑን እንኳ አልነኩም። ከሩቅ «ብሉ እንጂ አቦ፣ የእናንተው ነው» ይሉናል። ሁለት ቤት ለእኛ ሲል ጠዋቱን ሙሉ ሠርቷል። እንዲህ ተደክሞልህ «አልራበኝም» ማለት አትችልም። ቁርስ ድሬዳዋ ላይ ፈጢራ በማር ጠግበን ነው የወጣነው፤ ቢሆንም በላን። ልጓም ማለት ይኼ ነው፤ ከአዲስ አበባው ጭነት ይልቅ የሚያስጨንቅ። ጭነትን ማማረር ይቻላል። ልጓምን ማን ፊት ታማርራለህ? ሰውየው እኮ ያከበረህ ነው።

ይህን አነጋገር «ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣ ቢበላ ሣር ቢበላ መቅመቆ...» ከሚለው ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ። ይዘመዳሉ። ግን ያኛው አገር ቤት ላለው ሰው ክብር ይቆማል፤ የእኛው መንገደኛውን ተከትሎ ይሄዳል። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ መዳብ» የሚለው ደግሞ የአስተናጋጁን ልብ ነው የሚለካው። የእኛው ስለ አስተናጋጁ ልብ ምንም አይልም። ደግም ይሁን ክፉ፣ ገመዱ እሱ እጅ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህ የተጫነው ሰው ንግግር ነው። ራሱ ሲለው ምሬትም ሳቅም አለበት። ጫኙ ሲለው ግን ነውር ነው። «ካገርሽ ወጥተሽ ምን ትመርጫለሽ» እያለች ደመወዝ የምትይዝ አሠሪ፣ «ሰው አገር ነህ፣ ቻለው» የሚል አከራይ፣ ስንኙን ከባለቤቱ አፍ ነጥቀው ነው። ዶርማችን ውስጥም አንድ ሲኒየር ነበር። አዲስ ገቢ ልጆችን ውሃ እያስቀዳ፣ ልብስ እያሳጠበ፣ ቅር ያለውን ሁሉ በዚህች ስንኝ ዝም ያሰኝ ነበር። ሲኒየሩ ራሱ ከደሴ ነው የመጣው። አንድ ቀን ድሬ ባልዲውን መሬት አስቀመጠና «አቦ፣ አንተስ መቼ ነው አገርህ የገባኸው?» አለው።