«ስቶኩ ጨመረ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የ11 ሰከንድ የአሜሪካን ፉትቦል ልምምድ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ግዙፍ ልጅ ሌላ ግዙፍ ልጅ ገፍቶ በጀርባው ያነጥፈዋል። ዳር የቆሙት ይጮኻሉ። በላዩ ላይ በአማርኛ የሚተነትን ሰው ድምፅ ተጭኖበታል፦ «ሞባይል ላይ ሁሉንም አራገፈ! ስቶኩ ጣሪያ ነካ!» ጓደኛዬ ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጽፏል።

በመጀመሪያ ከተማዋ «ሞባይል» አትባልም። አላባማ ውስጥ ያለችው ከተማ ስሟ እንደ ድሮው ነዳጅ ማደያ «ሞቢል» ነው። ይሄ ይለፍ። «ስቶኩ ጨመረ» የምትለዋን ግን በየዓመቱ ጥር በመጣ ቁጥር ስለምሰማት፣ ዘንድሮ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ድራፍት ስል ቢራውን አይደለም፤ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ እየጠሩ የሚመርጡበት ነው። ሲኒየር ቦል ደግሞ ከድራፍቱ በፊት ከመቶ በላይ የኮሌጅ ተጫዋቾች ለአንድ ሳምንት የሚሰባሰቡበት ነው። በሁለት ቡድን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ግን ያደረገው የራሱን ኮሌጅ ሄልሜት ነው። በ1950 ጃክሰንቪል ላይ ተጀመረ፣ በዓመቱ ወደ ሞቢል ዞረ፣ እዚያው ቀረ። ስሙ «ሲኒየር» ይሁን እንጂ ከ2024 ጀምሮ ቀደም ብለው ለድራፍት የተመዘገቡ ጁኒየሮችም ይጋበዛሉ። ስለዚህ ሁሉም ጂሲ አይደለም። ቅዳሜ ጨዋታ አለ፤ ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ልምምድ አለ። ክለቦቹ የሚመጡት ለልምምዱ ነው። ቅዳሜ ጨዋታው ሲጀመር ከሰዎቻቸው ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ጎትተው ሄደዋል።

ወደ ቃሉ ልመለስ። «ስቶክ» ከአክሲዮን ገበያ የተዋሱት ቃል ነው። ተጫዋቹ በድራፍቱ ስንተኛ ላይ ይጠራል የሚለውን ግምት ይገልጻል። ግን የማን ግምት? ክለቦቹ ይህን ልጅ ሲከታተሉት ቆይተዋል። ስካውቶቻቸው (ተጫዋች መልማዮቻቸው) መስከረም ላይ ኮሌጁ ድረስ ሄደው ከአሠልጣኙም ከወጌሻውም ጋር አውርተዋል። የሁለትና የሦስት ዓመት ጨዋታውን ቁጭ ብለው አይተዋል። ጥር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ተንታኙ ነው። እሱ «ስቶኩ ጨመረ» ሲል ብዙ ጊዜ «እኔ ዛሬ አወቅሁት» ማለቱ ነው።

በዲፌንስ ላስረዳችሁ። የፉትቦሉን ማለቴ አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ነው።

ተማሪው ሁለት ዓመት ለፍቶ ቲሲስ ጽፏል። የተጫዋቹ ቲሲስ የጨዋታ ቪዲዮው ነው። የዲፌንሱ ቀን ሃያ ደቂቃ ስላይድ ያቀርባል። ጥሩ ኤክስተርናል ግን ስላይዱ ብዙም አያሳስበውም። ጽሑፉን ቤቱ አንብቦ፣ ገጽ 47 ላይ በእርሳስ አሥምሮ ነው የመጣው። «ይሄ ሳምፕል ለምን አነሰ?» ይላል። ለዚያች ጥያቄ ነው የትራንስፖርት የተከፈለው። ተማሪው ስላይዱን እንደ ዜና አንባቢ ቢያንበለብለውም ገጽ 47ን ካልመለሰ ያው ነው። ተንተባትቦም ቢሆን ከመለሰ አለቀ። ኋላ ወንበር ላይ እቅፍ አበባ ይዘው የተቀመጡ ዘመዶች አሉ። ቲሲሱን አላነበቡም። ሱፉን አይተው፣ ድምፁን ሰምተው «ልጃችን አራገፈው!» ይላሉ። ፍቅራቸው ደስ ይላል። ውጤት የሚሞሉት ግን እነሱ አይደሉም።

ተንታኙ ወንድሜ፣ አንተ የተቀመጥከው ከአበባዎቹ ጋር ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ገጽ 47 አለው። ሁሌ የምትጠሩትን የመሃል መስመር ተከላካይ አሮን ዶናልድን እንውሰድ። በ2014 ሞቢል ላይ ማንም ሊያቆመው አልቻለም፤ ይሄ እውነት ነው። ግን «ሞቢል ላይ ተሠራ» የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ልጁ እኮ ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን ለፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ አውትላንድን፣ ሎምባርዲን፣ ናጉርስኪንና ቤድናሪክን ጠራርጎ ወስዷል። አራት ትልልቅ አገር አቀፍ ሽልማቶች! ችሎታውን የተጠራጠረ አልነበረም። ጥያቄው ቁመቱ ነበር። 1 ሜትር ከ85 ገደማ፣ 129 ኪሎ ገደማ። ለእኔና ለእናንተ ግዙፍ ነው፤ ለዚያ ቦታ ግን ትንሽ ነበር። «እንደሱ ፕሮፌሽናል ሊሆኑ ከተቃረቡ ግዙፎች ጋር ሲገጥም ይዋጣል ወይ?» ተባለ። በሦስት ቀን መልሱ ታየ፤ አልተዋጠም። ያም ሆኖ የተመረጠው በ13ኛ ነው። በኋላ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ 2017፣ 2018 እና 2020። የመለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ የቀረውን ቲሲሱ ጽፎታል።

ሳምንቱ በእውነት የሚጠቅመው ቲሲሱ ለሳሳበት ልጅ ነው። ክዊን ማይነርዝ የመጣው ከዊስኮንሲን ኋይትዎተር ነው። ዲቪዥን ሦስት ነው፤ ለስፖርት ስኮላርሺፕ የማይሰጥበት እርከን። የ2020 የውድድር ዘመኑ በኮቪድ ምክንያት ጭራሽ ተሰረዘ። ክለቦቹ እጅ ላይ የነበረው ቪዲዮ የዓመት ዕድሜ ያለፈው ነው፤ እሱም ከደካማ ተጋጣሚ ጋር። እንዲህ ላለ ልጅ ቲሲሱ ግማሹ ባዶ ወረቀት ነው። በ2021 ሞቢል መጣና ኮሌጅ ላይ ጋርድ (ከሴንተሩ ጎን የሚቆም ጠባቂ) ሲጫወት ቆይቶ እዚያ ሴንተር (ኳሱን የሚያስነሳው የመሃል ጠባቂ) ሆኖ ተሰለፈ። ዴንቨር በ98ኛ ወሰደው። ከሱ በፊት በ2015 አሊ ማርፔት ከሆባርት ኮሌጅ በተመሳሳይ መንገድ መጥቶ በ61ኛ ተመርጧል። ለእነዚህ ልጆች «ስቶኩ ጨመረ» ብትል አልጣላህም። ጥያቄው «ከትልልቆቹ ጋር ይችላል ወይ?» ነበር፤ ሌላ መጠየቂያ ቦታ አልነበረም። በትልቅ ኮንፈረንስ (የኮሌጆች ሊግ) ሦስት ዓመት ለተሰለፈ ልጅ ግን ያንኑ ስትል ያመኛል።

አሁን ወደ 11 ሰከንዷ። ልምምዱ አንድ ለአንድ ይባላል (አንድ ለአምስት አላልኩም)። አንዱ ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን) ይጠብቃል፣ ሌላው ሰብሮ ለመግባት ይሞክራል። ሰው ይህንን እንደ ቦክስ ግጥሚያ ያየዋል። ሚዛኑ ግን ከመነሻው ያጋደለ ነው። ሰብሮ የሚገባው ልጅ ኳስ ተሸክሞ የሚሮጥ እንደማይመጣበት ያውቃል፤ ግራና ቀኙም ባዶ ሜዳ ነው። ጠባቂው በጨዋታ ላይ አምስት ሆነው በአንድ ትንፋሽ ከሚሠሩት አንዱ ነው። እዚህ ብቻውን ቀርቷል። በተለይ መሃል ላይ የሚጫወተው፣ በሁለት ጎኑ ሰው ለምዶ፣ ድንገት አንድ ሳሎን የሚያህል ቦታ ብቻህን ጠብቅ ይባላል። ቢሸነፍ ምን ይገርማል?

በሪሲቨር (ኳስ በሚቀበለው) እና በኮርነርባክ (እሱን በሚከታተለው ተከላካይ) መካከል ሲሆን ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። ሪሲቨሩ ወዲያ፣ ወዲህ፣ እንደገና ወዲያ ብሎ ያታልላል። የሚያጣድፈው የለም፤ ከኋላ የሚደርስ ሴፍቲ (የመጨረሻ ተከላካይ) የለም። በእውነተኛ ጨዋታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ኳሱ ከኳርተርባኩ እጅ መውጣት አለበት። አምስት ሰከንድ የፈጀ ማታለል ክሊፕ ይሆናል እንጂ ካች አይሆንም።

ታዲያ ምን እናይበታለን? እጁ ደረት ላይ አረፈ ወይስ ትከሻ ላይ? ጉልበቱን አጠፈ ወይስ ወገቡን? የመጀመሪያው ዘዴ ሲከሽፍበት ሁለተኛ አለው? አንዳንድ ጊዜ ለእኔ የቀኑ ምርጥ ነገር አንድ ጠባቂ በመጀመሪያው እርምጃ ተበልጦ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ተረከዙን ተክሎ፣ ሰውየውን እንደምንም ሲያቆም ማየት ነው። ተንታኙ «ተገፋ» ብሎ ይቆጥርበታል። አሠልጣኞች ግን እንዲህ ያለውን ልጅ ይወዱታል። ቅዳሜ በኮሌጅ ጨዋታም እሁድ በፕሮፌሽናሉም የሚያጋጥመው ይኸው ነውና፤ መበለጥና መመለስ።

የእኔ ሥራ ቪዲዮ ነው። ለአንድ ኮሌጅ ቡድን ለዓመታት ልምምድ ስቀርጽና ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ማንም ባይጠይቀኝም ስለ ካሜራው ልናገር። የመስመር ፍልሚያ የሚታየው ከኋላ፣ ከፍ ካለ ቦታ ነው። ከጎን በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የእጅን ቦታ ይሸፍናል፤ በሪሲቨርና በኮርነርባኩ መካከል ያለውን ርቀትም እንደ ማዕዘኑ ያሰፋዋል ወይ ያጠበዋል። ሁለተኛ፣ ክሊፑ የት ጋ እንደሚጀምር እዩ። ሦስተኛው ደግሞ የምርጫ ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ በቀን የሚገጥመው አንዴ ብቻ አይደለም። ከዚያ ውስጥ አንዷን የሚመርጠው ቆራጩ ነው። አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሲበለጥ ለዋለ ልጅ ሁለት ጥሩ ቅጽበቶች ፈልጌ፣ ሙዚቃ ጨምሬ ሰጠሁት። አይቶ ሲጨርስ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ። እናቱ ግን እስከ ዛሬ ታሳያለች።

ደግሞ ማን እንዳልመጣ አስቡ። በአንደኛ ዙር አናት ላይ እንደሚጠሩ እርግጠኛ የሆኑ ብዙዎቹ ሞቢል አይሄዱም። ለምን ብለው ይጎዳሉ? «ሁሉንም አራገፈ» ሲባል «የመጡትን ሁሉ» ተብሎ ይነበብ።

ኳርተርባኮችን በዚህ ሳምንት መገምገም ከሁሉም ይከብደኛል። ሪሲቨሮቹን የተዋወቃቸው ትናንት ነው፤ የጨዋታ ዕቅዱን የያዘውም ትናንት። ኳሱ መሬት ላይ ቢያርፍ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከስልክ ቪዲዮ ማወቅ አይቻልም። ዳክ ፕሬስኮት በ2016 የቅዳሜው ጨዋታ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ፤ ድራፍቱ ላይ 134 ሰው ቀድሞት በ135ኛ ተጠራ። ቶም ብሬዲ በ2000 በሌላው ነባር የኮከቦች ጨዋታ፣ በኢስት ዌስት ሽራይን ተሰልፎ ነበር። በ199ኛ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ በሊጉ ታሪክ ከታላላቆቹ ኳርተርባኮች አንዱ ሆነ።

የመለኪያውንም ነገር ሳልነካ አላልፍም። እዚያ ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመትና የእጅ መዳፍ ይለካል። ኬኒ ፒኬት በ2022 ሞቢል ላይ መዳፌን አላስለካም አለ። ሳምንቱን ሙሉ ወሬው እሱ ሆነ። በኋላ ኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን (ከድራፍቱ በፊት ክለቦች ተጫዋቾችን የሚለኩበትና የሚፈትኑበት) ላይ 8 ኢንች ተኩል ተለካ፤ ለኳርተርባክ ትንሽ ነው። የፒትስበርግ ክለብ ግን በ20ኛ መረጠው። በመዳፉ የተነሳ ስንት ሰዓት እንዳወራን ሳስበው ያሳፍረኛል። እኔም አውርቻለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳምንቱን አከብረዋለሁ። ዲፌንስ ላይ «ማይነር ኮሬክሽን» የሚባል አለ አይደል? ማክሰኞ አንድ ልጅ ቀኝ እጁን ቀድሞ እየሰደደ ይበለጣል። አሠልጣኙ ትከሻውን ይዞ ሁለት ደቂቃ ያወራዋል። ያ አሠልጣኝ ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ቋንቋቸውም ገና አልተግባባም። ሐሙስ ላይ እጁ ዘገየ ወይስ ያው ነው? ይሄንን ኮሌጅ ቪዲዮ ላይ አታገኙትም። እዚያ የተቆጣው አሠልጣኝ ሦስትና አራት ዓመት የሚያውቀው ሰው ነው። እና የማክሰኞን ክሊፕ ብቻ የለጠፈ ሰው ኮሬክሽኑ ከመግባቱ በፊት ውጤት ሞልቷል።

ዲፌንስ ያልኩት ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ልንገራችሁ። ተማሪው ርዕሱን ራሱ ይመርጣል። እነዚህ ልጆች ግን ታክል (የመስመሩ ዳር ጠባቂ) ሆነው ኖረው «ዛሬ ጋርድ ግባ» ይባላሉ። የኢኮኖሚክስ ቲሲስ ጽፈህ በአካውንቲንግ ዲፌንድ አድርግ እንደማለት ነው። ሲቸገሩ ብታዩ ቶሎ አትፍረዱ።

ለጓደኛዬ ቪዲዮውን መልሼ ላክሁለትና የመጀመሪያዋ ምስል ላይ አቁመው አልኩት። ክሊፑ ሲጀምር ሰብሮ የሚገባው ልጅ አንድ እርምጃ ሄዷል። ኳሱ ሲነሳ አይታይም። ቀድሞ ተነስቶ ይሁን፣ በጊዜው ተነስቶ ይሁን፣ ከዚህ ቪዲዮ የሚያውቅ የለም። «ታዲያ ልጁ አይረባም?» አለኝ። እኔ እንጃ፤ የመስከረምና የጥቅምት ጨዋታዎቹን ገና አላየሁም። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሁለቱን እከፍታለሁ።